የዘር ሰብሳቢው የኒኮላይ ቫቪሎቭ ታሪክ

አንባቢ ሆይ፥ በአገራችን ገበሬው እህል በሚያልቅበት በክረምት ወራት እንኳ የማይነካው አንድ ነገር አለው፤ ይኸውም ለዘር ብሎ ለይቶ ያስቀመጠው ነው። ልጆቹ ሳይጠግቡ እያደሩ የዘሩን እህል ሳይከፍት የሚያነጋ አባት ጨካኝ ሳይሆን አርቆ አሳቢ መሆኑን ፊደል ያልቈጠረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ታሪኩን የምንጽፍልህ ሰው የዓለምን ሁሉ የዘር እህል ለመሰብሰብ የደከመ፥ በመጨረሻም ራሱ በረኃብ የሞተ የመስኮብ ሊቅ ነው። ስሙ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ይባላል። አገራችንን ኢትዮጵያንም በበቅሎ ዞሮ አይቷታል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቫቪሎቭ በ1887 ኖቬምበር 25 ቀን በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኢቫን ከገበሬ ቤት ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ሞስኮ የመጣ፥ ከዝቅተኛ ሥራ ተነሥቶ በጨርቅ ንግድ የከበረ ሰው ነበረ። ልጁም ንግዱን እንዲወርስለት አስቦ ወደ ንግድ ትምህርት ቤት አስገባው። ነገር ግን ኒኮላይ ከሒሳብ መዝገብ ይልቅ ልቡ ወደ አዝርዕትና ወደ አትክልት ያዘነብል ስለ ነበረ፥ በ1906 በሞስኮ ወደሚገኘው ከፍተኛ የእርሻ ትምህርት ቤት ገባ። የታናሽ ወንድሙም የሰርጌይ ነገር እንዲሁ ሆነ፤ እርሱም ንግዱን ትቶ የብርሃንን ጠባይ የሚመረምር ታላቅ ሊቅ ሆነ። ኒኮላይ ትምህርቱን ሲጨርስ የጻፈው የምርመራ ጽሑፍ በሞስኮ አውራጃ የገበሬውን ማሳ ስለሚያጠፋው ቅርፊት የለሽ ቀንድ አውጣ ነበረ። ስለ ቀንድ አውጣ መጽሐፍ መጻፍ ለአንዳንድ ሰው መሣቂያ ይመስለው ይሆናል፤ ቫቪሎቭ ግን በዚሁ ሥራ ሽልማት ተቀበለ።

ከዚህ በኋላ ልቡን የያዘው ጥያቄ ሌላ ነበረ። በአንድ ማሳ ላይ ሁለት ዓይነት ስንዴ ጎን ለጎን ቢዘራ፥ ዋግ ሲመታ አንዱ ደርቆ ሲቀር ሁለተኛው ምንም ሳይሆን ያፈራል። ይህ የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው? ገበሬው ይህን ልዩነት ከጥንት ጀምሮ ያየዋል፤ ከምን እንደ መጣ ግን የሚያስረዳው ሰው አልነበረም። ቫቪሎቭም ይህን ለመመርመር በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ዊልያም ቤትሰን ከተባለው መምህር ዘንድ ተቀመጠ። ቤትሰን የሜንዴልን ትምህርት በእንግሊዝ አገር ያስፋፋ ሰው ነበረ። ሜንዴል በብርኖ ከተማ በገዳሙ የአትክልት ቦታ አተር እየዘራ፥ የወላጆች መልክ ወደ ልጆችና ወደ ልጅ ልጆች በምን ያህል ቍጥር እንደሚወርድ የገለጸ መነኩሴ ነው። ጽሑፉ በ1866 ታትሞ ሳለ እስከ 1900 ድረስ ልብ ብሎ ያየው ሰው አልነበረም ለማለት ይቻላል። ቫቪሎቭ ከዚህ ትምህርት የተረዳው ነገር ቢኖር፥ በሽታን የመቋቋም ኃይልም እንደ መልክ በዘር የሚወረስ መሆኑን ነው። እንግዲያስ በአንድ አገር የሚበቅል ደካማ ስንዴ በሌላ አገር ከሚገኝ ብርቱ ስንዴ ጋር ቢዳቀል ብርታቱን ሊወርስ ይችላል። ስለዚህ ብርቱውን ዘር ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል።

ታላቁ የአውሮፓ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ወደ አገሩ ተመለሰ። በልጅነቱ አንድ ዓይኑ ተጎድቶ ስለ ነበረ ወደ ጦር አልተወሰደም። በ1916 ግን መንግሥት ወደ ፋርስ አገር ላከው። በዚያ የሰፈሩት የመስኮብ ወታደሮች የአገሩን እንጀራ በበሉ ጊዜ እንደ ሰከረ ሰው ራሳቸውን እያዞራቸው ይወድቁ ነበርና፥ ሐኪሞቹ ምክንያቱን ሊያገኙት አልቻሉም። ቫቪሎቭ ወደ ማሳው ወርዶ ስንዴውን በእጁ እያሸ ተመለከተ፤ ስንዴው በእንክርዳድ የተሞላ ሆኖ አገኘው። በወንጌል ጠላት በሌሊት መጥቶ በስንዴ መካከል የዘራው የተባለውን እንክርዳድ ሁላችን በስም እናውቀዋለን፤ ይህ የፋርሱም ያው ነበረ። የእንክርዳዱ ፍሬ በውስጡ ሻጋታ እየያዘ መርዛም ይሆናል፤ ከስንዴው ጋር ሲፈጭም በዓይን አይለይም። ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ወታደሮቹ የአገሩን ዱቄት እንዳይበሉ ተደረገ።

ከዚያም ወደ ፓሚር ተራሮች ሲጓዝ የገዛ አገሩ የወሰን ጠባቂዎች በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍና ማስታወሻ ስላገኙበት ሰላይ ነው ብለው ያዙት፤ ጥቂት ቀንም አስረው ለቀቁት። ያን ጊዜ ነገሩ እንደ ቀልድ አልፏል።

በ1917 ቮልጋ በተባለው ታላቅ ወንዝ ዳር በሳራቶቭ ከተማ መምህር ሆኖ ተሾመ። አንባቢ ይህን የከተማ ስም ልብ ይበል፤ በኋላ እንመለስበታለን። ዘመኑ የአብዮትና የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ስለ ነበረ ዳቦም ማገዶም ወረቀትም ታጥቶ ነበር። ቫቪሎቭ ግን ተማሪዎቹን በማለዳ ወደ ማሳ ይዞ ይወጣ ነበር። በ1920 በዚሁ ከተማ በተደረገ የሊቃውንት ጉባኤ አንድ አዲስ ትምህርት አሰማ። ትምህርቱም ተቀራራቢ የሆኑ አዝርዕት ዝምድናቸውን በሚመስል ሥርዓት ይለያያሉ የሚል ነው። ለምሳሌ በአንዱ ዓይነት ስንዴ ዛላው እንደ ጢም ሹል ያለውና ሹል የሌለው ቢገኝ፥ ፍሬው ነጭና ቀይ ቢሆን፥ በዘመዱ በሌላው ዓይነትም እንዲሁ ልናገኝ ይገባናል፤ እስከ አሁን ባይገኝ እንኳ ፈላጊ በማጣቱ ነው ማለት ነው። ይህን የሰሙ ሊቃውንት፥ ገና ያልተገኙትን ንጥረ ነገሮች አስቀድሞ ከተናገረው ከሜንዴሌዬቭ ጋር አስተካከሉት።

በ1921 ወደ ፔትሮግራድ ከተማ፥ በኋላ ሌኒንግራድ ወደ ተባለችው ሄዶ የአዝርዕት ምርመራ ቢሮ አለቃ ሆነ። በዚያው ዓመት በቮልጋ አገር ዝናም ቀርቶ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የተራበበት፥ ገበሬውም የዘሩን እህል ሳይቀር የበላበት ጥፋት ወረደ። ይህን ካየ በኋላ ነው ቫቪሎቭ እስከ ዕለተ ሞቱ ያልተወውን ሐሳብ የያዘው፤ ሐሳቡም በምድር ላይ ያለውን የሰው ምግብ የሚሆን ተክል ሁሉ ዘር በአንድ ቤት ሰብስቦ፥ ድርቅን ብርድንና በሽታን የሚችለውን ለይቶ ለገበሬው መስጠት ነው። ወደ አሜሪካ ሄዶ ዘር ይዞ ተመለሰ። በ1924 ወደ አፍጋኒስታን ሄደ። ሌሊት የሚተኛው አራት ወይም አምስት ሰዓት ነበር፤ የብዙ አገር ቋንቋም ይናገር ነበር፤ በጉዞ ላይም ተከታዮቹ ይደክሙ ነበር እንጂ እርሱ አይደክምም ነበር።

ፍለጋውም እንዲያው በዘፈቀደ አልነበረም። የአንድ እህል ዓይነቱ እጅግ የበዛበት አገር፥ ያ እህል መጀመሪያ ለማዳ የሆነበት ወይም ከጥንት ጀምሮ የኖረበት አገር መሆን አለበት ብሎ አሰበ። ይህን የሚገልጸውንም መጽሐፍ በ1926 አወጣ። የተመረጡት አገሮች አብዛኛዎቹ ተራራማ ናቸው፤ በተራራ አገር አንዱ ሸለቆ ከሌላው ስለሚለይ፥ ቆላው ከደጋው ስለሚራራቅ፥ እያንዳንዱ መንደር የራሱን ዘር ይዞ ይኖራልና ነው። ከእነዚህም አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

በ1926 መጨረሻ ጅቡቲ ደረሰ፤ ከዚያም በምድር ባቡር ወደ አዲስ አበባ ወጣ። በዚያን ጊዜ በአገሩና በአገራችን መካከል የመልእክተኛ ግንኙነት ስላልነበረ ፈቃዱን ያገኘው በብዙ ድካም ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ግን በመልካም ተቀበሉት፤ በአገር ውስጥ እንዲዘዋወርም ፈቀዱለት። ስለ አገሩም ስለ ሩስያ ብዙ ጥያቄ ጠየቁት። እርሱም በቅሎዎችና ሰዎች ተከራይቶ ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ተጓዘ፤ ጎንደርን አለፈ፤ አክሱምን አይቶ በኢጣልያ እጅ ወደ ነበረችው ወደ ኤርትራ፥ ወደ አሥመራ ወረደ። በአገራችን ያለፉ ብዙ የውጭ አገር መንገደኞች ስለ ቤተ መንግሥቱ፥ ስለ ገበያውና ስለ አውሬው ጽፈዋል። ይህ ሰው ግን ዓይኑ ከማሳው አልተነሣም።

በማሳው ያየው ነገር አስደነቀው። በሌላ አገር በሰፊ አውራጃ የማይገኘውን የስንዴና የገብስ ልዩነት እዚህ በአንድ ገበሬ እርሻ ላይ ተደባልቆ አገኘው፤ ነጭ ገብስ፥ ጥቁር ገብስ፥ ልጡ በቀላሉ የሚለቅ ገብስ፥ ከዚህም ሌላ በአውሮፓ የማይታወቅ ፍሬው ጥቁር ወይን ጠጅ የሚመስል ስንዴ ነበረ። ጤፍን፥ ኑግን፥ ዳጉሳን፥ እንሰትን ተመለከተ፤ እያንዳንዱንም በከረጢት እያደረገ ስሙንና የበቀለበትን ቦታ ጻፈበት። በአክሱም አገር ደግሞ ከሰባት ዓመት በፊት በሳራቶቭ የተናገረው ትምህርት እውነት ሆኖ አገኘው። ማካሮኒ የሚሠራበት ጠንካራው ስንዴ በየትም አገር ሹል አለው ይባል ነበር፤ እዚህ ግን ዛላው ሹል የሌለበት ሆኖ በገበሬ ማሳ ላይ ቆሞ ተገኘ። የእኛ አባቶች ይህን ስንዴ ስንት ዘመን እንደ ዘሩት ማን ያውቃል? ለእነርሱ ብርቅ አልነበረም። ከዚህ ጉዞ የተሰበሰበው ዘር 6,000 ዓይነት ያህል ሆኖ ወደ ሌኒንግራድ ተላከ።

ስለ አገራችን የጻፈው ሁሉ ያልተነካ ሆኖ አልቀረም። በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ስንዴና ገብስ መጀመሪያ ለማዳ የሆኑት በመካከለኛው ምሥራቅ እንጂ በኢትዮጵያ አለመሆኑን አሳይተዋል፤ ጤፍና ኑግ እንሰትም ግን የአገራችን መሆናቸው ጸንቷል። እርሱም ራሱ በሕይወቱ ሳለ አዲስ ነገር ባየ ቍጥር የአገሮቹን ብዛት ይለውጥ ነበር፤ በ1926 አምስት ያላቸውን በ1935 ስምንት አደረጋቸው። ተሳስቼ ነበር ማለት የማያሳፍረው ሰው ነበረ። የልዩነቱ ብዛት ግን ባዶ ወሬ እንዳልነበረ ለማወቅ የሚፈልግ ይህን ይስማ፤ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የገብስን ቅጠል የሚያቢጫና የሚያቀጭጭ በሽታ በተነሣ ጊዜ፥ የአገሩ ሊቃውንት መድኃኒቱን በ1959 ያገኙት ከኢትዮጵያ በመጣ ገብስ ዘር ውስጥ ነው። በአዲስ አበባም በ1976 የአገራችንን አዝርዕት ዘር የሚጠብቅ ቤት ቆመ።

ከአገራችን ከተመለሰ በኋላ ክብሩ ከፍ አለ። በ1929 የአገሩ የእርሻ ሳይንስ አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ወደ ቻይና፥ ወደ ጃፓን፥ ወደ ኮርያ፥ ወደ ሜክሲኮና ወደ ደቡብ አሜሪካ ተጓዘ። በሌኒንግራድ በቅዱስ ይስሐቅ አደባባይ የነበረው ቤቱ በከረጢትና በቆርቆሮ ሣጥን ተሞላ፤ በ1940 ዘሩ 250,000 ዓይነት ያህል ደርሶ ነበር። እንደዚህ ያለ ጎተራ ዓለም አይቶ አያውቅም።

ፈተናው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በኡክራይን አገር ትሮፊም ሊሴንኮ የሚባል የገበሬ ልጅ ነበረ። እርሱም የስንዴን ዘር አርጥቦ በብርድ አቆይቶ በመዝራት፥ በመከር መዘራት የሚገባው ስንዴ በጸደይ ተዘርቶ እንዲያፈራ አደርጋለሁ በማለት ስሙ ተሰማ። ነገሩ በከፊል እውነት ያለበት ነበረ፤ ከእርሱም በፊት ይታወቅ ነበር። ቫቪሎቭም መልካም ነገር መስሎት ይህን ወጣት ደገፈው፤ ለሽልማትና ለማዕረግም አጨው። ይህን መደበቅ አይገባንም፤ በኋላ ያጠፋውን ሰው መጀመሪያ ከፍ ካደረጉት እጆች አንዱ የራሱ እጅ ነው። የሰውን ትጋት ሲያይ ፈጥኖ የሚያምን ሰው ነበረና፥ ትጋትና እውነት አንድ አለመሆናቸውን የተረዳው ዘግይቶ ነው።

ስታሊን የገበሬውን መሬት በግድ አንድ ባደረገ ጊዜ እርሻው ፈረሰ፤ በ1932ና በ1933 ብዙ ሚሊዮን ሰው በረኃብ አለቀ። መንግሥት ስለ ጥፋቱ ራሱን መውቀስ ስላልወደደ ፈጥኖ ብዙ እህል የሚሰጠውን ሰው ፈለገ። አዲስ የስንዴ ዘር አዳቅሎ፥ መርጦና ፈትኖ ለገበሬው ለመስጠት አሥር ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ይህ የሰው ስንፍና ሳይሆን የተፈጥሮ ሥርዓት ነው፤ ስንዴ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ያፈራልና። በ1931 መንግሥት በአራት ወይም በአምስት ዓመት ይሁን ብሎ አዘዘ። ሊሴንኮ ደግሞ በሁለት ዓመት ተኩል እፈጽመዋለሁ አለ። ተክል በአስተዳደጉ እንደ ፈቀድነው ይለወጣል ብሎም አስተማረ። ስታሊን በ1935 በጉባኤ ፊት አመሰገነው። ከዚያ በኋላ የሊሴንኮን ቃል መቃወም መንግሥትን እንደ መቃወም ተቈጠረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የቫቪሎቭን ልብ እንመልከት። መንገድ አልጠፋበትም ነበር። እኔም በሁለት ዓመት አደርሳለሁ ቢል ሹመቱ ይጸናለት ነበር፤ ከእርሱ ይልቅ ዕውቀት ያላቸው ሰዎች እንዲህ እያሉ ቤታቸውንና ልጆቻቸውን አድነዋል፤ በእነርሱ ላይ ለመፍረድ የሚደፍር ይፍረድ። እርሱ ግን ገበሬው በውሸት ተስፋ ዘርቶ እንዲራብ አልፈቀደም። በ1935 ከፕሬዚዳንትነቱ ተሻረ፤ በ1938ም ያ ወንበር ለሊሴንኮ ተሰጠ። በ1939 በኤዲንብራ ከተማ በተደረገው የዓለም የዘር ውርስ ሊቃውንት ጉባኤ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመርጦ ሳለ ከአገሩ እንዳይወጣ ተከለከለ። በዚሁ ዓመት በባልንጀሮቹ ፊት፥ ወደ እሳት ቢወስዱትና ቢያቃጥሉት እንኳ እውነት መሆኑን ካወቀው ነገር እንደማይመለስ ተናገረ። ይህን ሲናገር ቃሉ የምሳሌ ንግግር ብቻ አልነበረም፤ ሰዎች በሌሊት ከቤታቸው እየተወሰዱ የማይመለሱበት ዘመን ነበርና።

በ1940 ኦገስት ወር በምዕራብ ኡክራይን፥ በካርፓቲያ ተራሮች አጠገብ ዘር ለመሰብሰብ ወጥቶ ሳለ፥ በ6ኛው ቀን አመሻሹ ላይ ጥቁር አውቶሞቢል መጣ። ለባልንጀሮቹ በሞስኮ በቶሎ ስለ ተፈለገ እንደሚሄድ ተነገራቸው፤ እርሱም ሄደ። በኋላ የጉዞ ከረጢቱ ሲፈታ በውስጡ በዚያ ቀን የሰበሰበው እጅግ ጥንታዊ የሆነ የስንዴ ዓይነት ተገኘ። የመጨረሻው የሰበሰበው ዘር ይህ ነው።

በእስር ቤት በሞስኮ አሥራ አንድ ወር ያህል መረመሩት። ምርመራው ከ1,700 ሰዓት በላይ እንደ ነበረ መዝገቡ ይመሰክራል፤ ብዙውም በሌሊት፥ እግሩ እስኪያብጥ አቁመው ነበር። እርሻን ለማጥፋት ተማክሬአለሁ የሚለውን ወረቀት በመጨረሻ ፈረመ፤ ሰላይ ነህ የሚለውን ግን አልተቀበለም። ወረቀቱን መፈረሙን ሰምቶ የሚያዝንበት ሰው ቢኖር፥ በዚያ ክፍል አንዲት ሌሊት እንዳልቆመ ያስብ። በ1941 ጁላይ 9 ቀን ለፍርድ አቀረቡት፤ ጥቂት ደቂቃ በፈጀ ችሎት ሞት ፈረዱበት። ከባልንጀሮቹም እንደ ካርፔቼንኮ ያሉት በዚያው ወር ተገደሉ። የእርሱ ፍርድ ግን ሳይፈጸም የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ ስለ ቀረበ እስረኞቹን ወደ ምሥራቅ አጋዙአቸው፤ እርሱም ወደ ሳራቶቭ ተወሰደ፤ በሠላሳ ዓመቱ መምህር ሆኖ ወደ ገባባት ከተማ።

በሳራቶቭ ወኅኒ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ሞት ከተፈረደባቸው ጋር ዘጋበት። በዚያም እርሱ ስለ አዝርዕት፥ ሌላውም ስለሚያውቀው ነገር እየተናገሩ ተማማሩ። በምርመራው ጊዜም ስለ ዓለም እርሻ ታሪክ አንድ መጽሐፍ በእርሳስ ጽፎ ነበር፤ ጽሑፉ ጠፍቶ ቀረ። በ1942 ሞቱ ወደ ሃያ ዓመት እስራት ተለወጠለት። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የንጉሣዊ ማኅበር ሊቃውንት፥ የት እንዳለ ሳያውቁ፥ ባልደረባቸው እንዲሆን መረጡት።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሰበሰበው ዘር ምን ሆነ? ከ1941 ሴፕቴምበር ጀምሮ የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ከበበ፤ ከበባውም እስከ 1944 ጃንዋሪ ቈየ። በመጀመሪያው ክረምት ለአንድ ሰው በቀን የሚሰጠው ዳቦ 125 ግራም እስኪሆን ድረስ አነሰ፤ እርሱም ንጹሕ ዱቄት አልነበረም። በከተማይቱ ውስጥ በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በረኃብ ሞተ። በቅዱስ ይስሐቅ አደባባይ ግን በብዙ ቶን የሚመዘን ስንዴ፥ ሩዝ፥ አተርና በቆሎ፥ ኦቾሎኒም በሣጥን ተደርድሮ ነበር። የቤቱ ሠራተኞች ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ ከአይጥና ከሌባ ጠበቁት፤ ድንቹም በውርጭ እንዳይበላሽ ያገኙትን ቍራጭ እንጨት እያነደዱ አሞቁት። የኦቾሎኒው ጠባቂ አሌክሳንደር ሽቹኪን በጠረጴዛው ላይ እንዳለ ሞተ። የሩዙ ጠባቂ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ ብዙ ሺህ ከረጢት ሩዝ በክፍሉ ሳለ በረኃብ ሞተ። የአጃው ጠባቂ የነበረችው ሴትም እንዲሁ። ሌሎችም ነበሩ። አንዲት እፍኝ ቢወስዱ ማን ያያቸው ነበር? የቤቱ አለቃ ታስሯል፤ ስሙን መጥራት እንኳ ያስፈራ ነበር፤ ጎተራውንም የሚቈጣጠር አልነበረም። ነገር ግን ከበባው ሲያበቃ ዘሩ በቦታው ነበረ።

ቫቪሎቭ ይህን አልሰማም። በ1943 ጃንዋሪ 26 ቀን በሳራቶቭ ወኅኒ በረኃብ ጉልበቱ አልቆ በ55 ዓመቱ ሞተ። ከሌሎች እስረኞች ጋር በአንድ ጉድጓድ ተቀበረ።

ሁለተኛ ሚስቱ ዬሌና ባሩሊና እርስዋም የአዝርዕት ሊቅ ነበረች፤ ስለ ምስር የጻፈችው መጽሐፍ የታወቀ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ከትንሽ ልጃቸው ከዩሪ ጋር ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ሳራቶቭ ተሰደደች። ባልዋ በሞስኮ እስር ቤት ያለ መስሏት ከራስዋና ከልጇ አፍ እየቀነሰች ምግብ ወደ ሞስኮ ትልክለት ነበር። እርሱ ግን በዚያችው ከተማ፥ ከቤቷ ብዙ በማይርቅ ወኅኒ ውስጥ እየተራበ ነበረ፤ እርስዋም አላወቀችም፤ እርሱም አላወቀም።

ስታሊን ከሞተ በኋላ በ1955 ፍርዱ ተሽሮ ቫቪሎቭ ንጹሕ መሆኑ ታወጀ። የሊሴንኮ ተሰሚነት ግን እስከ 1964 ድረስ ፈጽሞ አልጠፋም። ዬሌና በቀረላት ጥቂት ዕድሜ የባልዋን ጽሑፎች ስታሰናዳ ቆይታ በ1957 ዐረፈች። በየአገሩ ስላደረጋቸው ጉዞዎች የጻፈው መጽሐፍ አብዛኛው ተቃጥሎ ወይም ጠፍቶ ሳለ፥ ጸሐፊው የነበረች ሴት ከፊሉን ደብቃ አቆይታ ነበርና በ1962 ታተመ። ከተረፉትም ገጾች መካከል በበቅሎ ከሸዋ እስከ አሥመራ ያደረገው ጉዞ ይገኝበታል።